በረዶ የምትገፋ ትንሽ ትራክተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ የስልክ መስመሩን ለጋራዥ ጥያቄ ከፍተን ነበር። ስለ ፍሬንና ስለ ባትሪ እጠየቃለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። የደወለው ሁሉ ግን አንድ ነገር ይዞ መጣ፦ ትንሽ ትራክተር ገዝቶ ፊቷ ላይ የሚገጠመውን በረዶ መግፊያ የብረት ሰሌዳ (ብሌድ) ራሱ መሥራት። በአየር ላይ ቸኩዬ ያለፍኩትን እዚህ አስፍቼ ጽፌዋለሁ።

ከብሩክሊን ፓርክ፣ ሚኒሶታ፦ 25 የፈረስ ጉልበት ያላት፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር አለችኝ። ብየዳ እችላለሁ። ብሌዱ ስፋቱ ስንት ይሁን? ላሜራውስ?

መጀመሪያ ሜትር ይዘህ የትራክተሯን ስፋት ከጎማ ጫፍ እስከ ጎማ ጫፍ ለካ። 1 ሜትር ከ20 ገደማ ከሆነች ብሌዱን 1 ሜትር ከ50 አድርገው። በረዶውን ወደ ጎን ለመጣል ብሌዱን 30 ዲግሪ ያህል ታዞረዋለህ። ያኔ የሚጠርገው ስፋት ወደ 1 ሜትር ከ30 ይወርዳል። ከዚያ ካነሰ ገና ያልጠረግከውን በረዶ በጎማህ ትረግጠዋለህ። የተረገጠ በረዶ ደግሞ ድንጋይ ነው።

ላሜራው 5 ሚሊሜትር ይበቃል፤ ከጀርባው ግን የቆሙ ማጠናከሪያዎች ይፈልጋል። የታችኛው ጠርዝ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ብረት ይሁን። እሱን አትበይደው፣ በቡሎን እሰረው። አስፋልት ይበላዋል፤ ትቀይረዋለህ።

ብሌዱ ጎበጥ ያለ መሆን አለበት፤ ጉብጠቱን ለማግኘት ብዙ ሰው አሮጌ የጋዝ ወይም የነዳጅ ታንክ ይሰነጥቃል። ተው! ባዶ የሚመስል ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ሰፊ የብረት ቱቦ ቁራጭ ፈልግ። ከዚያም የሚሻለው ከፒካፕ የወረደ አሮጌ ብሌድ በቅናሽ ገዝቶ ማሳጠር ነው።

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ፦ እኔ ሠርቻለሁ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከሚያገናኘው አክስል ጋር አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መታሁና ቡሎኖቹ ተቆረጡ፣ መሪውም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ሁለት ቦታ ላይ፣ ወንድሜ።

አንደኛው አክስሉ ነው። የትራክተር የፊት አክስል መሃሉ ላይ ባለ ፒን ተንጠልጥሎ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ነገር ነው። ጎማ እንዲሸከም እንጂ ግድግዳ እንዲገፋ አልተሠራም። ግፊቱ በሆዷ ስር አልፎ ወደ ሻንሲው፣ ወደ ዋናው የብረት አጽሟ፣ መሄድ አለበት። ሁለት ወፍራም አራት ማዕዘን ቱቦዎችን ከብሌዱ ጀምረህ ወደ ኋላ ውሰድና ከመካከለኛው ሻንሲ ጋር እሰር። በሻንሲው ላይ የፋብሪካ ቀዳዳዎች ታገኛለህ፤ እነሱን ተጠቀም፣ አዲስ አትብሳ።

ሁለተኛው ሞላ አለመኖሩ ነው። ብሌዱ ከታች በኩል በማጠፊያ ላይ ይቆማል፣ ላይኛውን ጫፍ ደግሞ ከኋላ ያሉ ሞላዎች ይጎትቱታል። ጠርዙ እንቅፋት ሲመታ አናቱ ወደ ፊት ይሰግዳል፤ የታችኛው ጠርዝ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንቅፋቱን ይሻገራል፤ ከዚያ ሞላው መልሶ ያቆመዋል። ሞላ የሌለው ብሌድ ሲመታ ግን የሚሰበረው ነገር ይፈለጋል። ያንተን ቡሎኖች አመስግናቸው፤ ሻንሲውን ያተረፉልህ እነሱ ናቸው።

ሞላውን እንዲህ ፈትነው። 10 ሳንቲሜትር የሚሆን ጠርብ መሬት ላይ ቸንክርና በእግር ጉዞ ፍጥነት ግፋው። ትራክተሯ ደርቃ ከቆመች ሞላው ጠብቋል። በረዶ እየገፋህ በየመሃሉ የሚሰግድ ከሆነ ላልቷል። ፍጥነትም አታብዛ፤ እጥፍ ከፈጠንክ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ነው።

ኦሮራ ስላለህ አንድ ነገር ልጨምር። የእናንተ የመጋቢት በረዶ እርጥብ ነው። 20 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ድራይቭዌይ (የቤት የመኪና መግቢያ) ላይ 15 ሳንቲሜትር ቢወርድ 15 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅ ዱቄት ከሆነ አንድ ቶን ተኩል ገደማ፤ እርጥብ ከሆነ አራት ቶን ሊያልፍ ይችላል። እስኪያቆም አትጠብቅ። በየ10 ሳንቲሜትሩ ውጣ።

ዊስኮንሲን ገጠር ያሉ እናት፦ የኛ መግቢያ ጠጠር ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ በረዶውን ከነጠጠሩ ሣሩ ላይ ከመረው። እስከ ግንቦት ድረስ በሬክ ስንለቅም ነበር።

እማማ፣ መፍትሔው ርካሽ ነው። ልጅዎ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የብረት ቱቦ በብሌዱ ርዝመት ልክ ይቁረጥ። አንዱን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በግራይንደር ይሰንጥቀውና በብሌዱ የታች ጠርዝ ላይ እንደ ሰገባ ያልብሰው፤ በሁለት ቡሎን ይያዘው። ድቡልቡል ነገር ጠጠር አይቆፍርም፣ ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን በረዶ ደግሞ ተዉት፤ መኪና ይርገጠውና ከጠጠሩ ጋር ይጋገር።

ከሴንት ፖል፦ ብሌዱ ደህና ነው፣ ጎማው ግን ባለበት ይሽከረከራል።

ክብደት ያንሳታል። ከባዱ ነገር ፊት ላይ ስለሆነ የኋላው ይቀላል። ኋላ ማንሻው ላይ ኮንክሪት የተሞላ ሳጥን ስቀልባት፤ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ መመሪያ መጽሐፏ ይነግርሃል። የኋላ ጎማዎቹ ላይ ሰንሰለት እሰር። ጎማ ውስጥ ፈሳሽ መሙላትም ያግዛል፤ ተራ ውሃ ግን እንዳታደርግ፣ ሚኒሶታ ነው ያለኸው። የማይቀዘቅዝ ከስኳር ቢት የሚሠራ ፈሳሽ አለ። አዎ፣ የቀይ ሥር ዘመድ። ነግሬው ያልሳቀ አበሻ የለም።

ከኢገን፣ ሚኒሶታ፦ ለጎረቤት እየጠረግኩ ገንዘብ ብቀበልስ?

ይቻላል። መጀመሪያ ግን ኢንሹራንስህን ጠይቅ። የቤት ኢንሹራንስ በአብዛኛው ለክፍያ የሚሠራ ሥራን አይሸፍንም፤ የጎረቤት ጋራዥ በር ከመታህ ከኪስህ ነው። ደግሞ በረዶውን ወደ ሕዝብ መንገድ እንዳትገፋ፤ በሚኒሶታ ሕግ ክልክል ነው። የት እንደምትከምረው በረዶው ሳይመጣ ከባለቤቱ ጋር ዞረህ እይ።

ያው ደዋይ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል፦ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ አስነስቼ ላሙቃትስ?

በሩን ከፍተህ፣ አስነስተህ፣ ወዲያው አውጣት። ጭሱ ሽታው ባይሰማህም ይገድላል። ሙቀት ከፈለግክ የሞተር ማሞቂያውን ማታ ሶኬት ላይ ሰካው።