ለአንዱ ጆሮ የተፈቀደ፣ ለሌላው የተከለከለ

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ወላጆች፣ እንዲሁም በመካከላችን የምትገኙ የተማሪ ተወካዮች፤

ለብዙ ዓመታት የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ሆኜ ባገለገልኩበት ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የተማሪዎችን አለባበስ እመለከት ነበር። በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥም ከተማሪዎች የተወሰዱ ጌጣጌጦች የሚቀመጡበት አንድ ቡናማ ፖስታ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከክብሪት ራስ የማትበልጥ የብር ጆሮ ጌጥ በግራ ጆሮው አድርጎ መጣ። እንዲያወልቀው አዘዝኩት፣ ተቀብዬ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት፣ ወላጅ ይዞ እንዲመጣም ነገርኩት። እህቱ ከጎኑ ቆማ ትመለከት ነበር። በእሷ ቀኝ ጆሮ ላይ የዚያው ጥንድ ሌላኛዋ ጌጥ ነበረች፤ ሁለቱ ልጆች ተካፍለዋት ኖሯል። እሷን ምንም ሳልል አሳለፍኳት። ልጁ ምንም ድፍረት በሌለው ድምፅ «የእሷስ፣ ቲቸር?» ሲል ጠየቀኝ። «እሷ ሴት ናት» አልኩት።

ያን ጊዜ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በዚህ መድረክ የቆምኩት ግን የልጁ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱን ስለማምን፣ የብዙዎቻችን የአለባበስ ደንብም በዚያው ጥያቄ ፊት ሲቆም ዝም የሚል ስለሆነ ነው።

ጌጣጌጥን የምንከለክልበት በቂ ምክንያት እንዳለን አልክድም። በሚሽከረከር ማሽን ወይም በሽቦ አጥር የተያዘ ቀለበት የጣትን ቆዳ ከሥጋው ገፎ ሊወስድ ይችላል። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የፈሰሰ አሲድ ከቀለበት ሥር ገብቶ ከቀረ፣ እጁ በውኃ ቢታጠብም ቆዳውን ማቃጠሉን ሊቀጥል ይችላል። በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ የሌላ ተጫዋች ጣት ክብ ሎቲ ውስጥ ገብቶ ሲስብ የጆሮ ሥጋ ይሰነጠቃል። የስፖርት መምህራን ጌጥ አውልቁ ሲሉ ይህን እያሰቡ ነውና ልንደግፋቸው ይገባል። አዲስ የተበሳ ጆሮ ለመዳን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚፈልግና በዚህ መካከል ጌጡ ቢወልቅ ቀዳዳው ሊዘጋ ስለሚችል፣ ወላጆች የልጆቻችሁን ጆሮ የምታስበሱ ከሆነ በረጅሙ የዕረፍት ወቅት መጀመሪያ ላይ ብታደርጉት ለልጁም ለመምህሩም እፎይታ ነው።

ነገር ግን ከዘረዘርኳቸው አደጋዎች መካከል ጾታ የሚለይ አንድም የለም። ሲሳብ የሚሰነጠቀው ጆሮ የወንድም ሆነ የሴት ሥጋ ነው፤ አሲዱም የማንን ጣት እንዳገኘ አይጠይቅም። ስለዚህ ለሴት ልጅ ሎቲ ፈቅደን ለወንድ ልጅ ስንከለክል ከሁለት አንዱን እያደረግን ነው፦ ወይ ስለ ሴቷ ጆሮ ደኅንነት አልተጨነቅንም፣ ወይ ደግሞ የወንዱን ጌጥ የከለከልነው ከደኅንነት ጋር በማይገናኝ ምክንያት ነው። ሁለተኛው እውነት ከሆነ፣ ያንን ምክንያት በደንቡ ላይ በግልጽ ጽፈን ልንከራከርበት ይገባል። «ወንድ ጆሮ ጌጥ ሲያደርግ ማየት አንወድም» ብሎ መጻፍ ካሳፈረን፣ የማንጽፈውን ነገር በልጅ ላይ ማስፈጸምም ሊያሳፍረን ይገባል።

ስለ ጌጥ ይህን ካልኩ ወደ ቀሚስ ልለፍ፤ በዚህ በኩል ሸክሙ በሴት ተማሪዎች ላይ ይከብዳልና። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመረመራቸው የአለባበስ ደንቦች ውስጥ በግምት 90 በመቶ የሚሆኑት በተለምዶ ሴቶች የሚለብሷቸውን ልብሶች የሚከለክሉ ሲሆኑ፣ በተለምዶ ወንዶች የሚለብሷቸውን የሚከለክሉት ደግሞ 69 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከደንቦቹ 60 በመቶ ያህሉ የተማሪን ልብስ ወይም አካል መለካትን የሚጠይቅ ድንጋጌ አላቸው፤ መለካት ማለት ደግሞ ትልቅ ሰው የልጅን አካል ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

ቁጥሩን ለጊዜው ልተወውና ያየሁትን ልናገር። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አንዲት መምህርት ማስመሪያ ይዛ ጎንበስ ብላ ከጉልበቷ እስከ ቀሚሷ ጠርዝ ያለውን ርቀት ትለካለች። የክፍል ጓደኞቿ እያለፉ ያያሉ። ልጅቷ ቀሚሱን በሁለት እጇ ወደ ታች ትጎትታለች፤ ቢጎተትም አይረዝምም። ቀሚሱ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ሲሰፋላት ከጉልበቷ በታች ነበር፤ ማንም አላሳጠረውም፣ ልጅቷ ናት ያደገችው። የዚያን ቀን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሳትማር ቀረች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ማደጓን እንደ ጥፋት ቆጥረን የሂሳብ ትምህርቷን ወሰድንባት።

እንዲህ ያለው አሠራር ሁልጊዜ በክፋት የሚመጣ አይደለም። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ቻርተር ዴይ የተባለው ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች ሱሪ እንዳይለብሱ ይከለክል ነበር፤ የትምህርት ቤቱ መሥራችም ሴት ልጅ ወንዶች ሊንከባከቧትና ሊያከብሯት የሚገባ በቀላሉ የምትሰበር ዕቃ መሆኗን ደንቡ እንደሚያስተምር አስረድተው ነበር። አክብሮት ያሰቡ ይመስለኛል። ሴት ልጆቹ ግን ሲቀመጡ ስለ እግራቸው አቀማመጥ እየተጨነቁ፣ በዕረፍት ሰዓት መንጠላጠልና መሯሯጥ እያማራቸው ይተዉት እንደነበር ተናገሩ። ክሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀርቦ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሙሉ ችሎት በሰኔ 2022 በ10 ለ6 ድምፅ ደንቡ በሕግ ፊት እኩል የመጠበቅን መብት ይጥሳል ሲል ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንዲመለከት ቢጠየቅም አልተቀበለውም።

ወንዶችም በዚሁ መንገድ ፍትሕ ጠይቀዋል። እዚያው አሜሪካ፣ በኢንዲያና ግዛት፣ የአንድ ትምህርት ቤት የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ፀጉራቸውን ከጆሮና ከኮሌታ በላይ እንዲቆረጡ ሲገደዱ፣ በሴቶቹ ቡድን ላይ ግን የፀጉር ደንብ አልነበረም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ለተማሪው ፈረደለት። ፍርድ ቤቱ የፀጉር ደንብ ማውጣት ክልክል ነው አላለም፤ በአንዱ ጾታ ላይ ብቻ ሲጫን ግን ትምህርት ቤቱ ምክንያቱን ማስረዳት እንዳለበት ነው ያሳየው። በእንግሊዝ ኤክሰተር ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ሙቀቱ በበረታበት ሳምንት ቁምጣ የተከለከሉ ወንድ ተማሪዎች፣ ለሴቶች የተፈቀደውን ጉርድ ቀሚስ ለብሰው በቡድን ወደ ትምህርት ቤታቸው ገቡ። ሙቀቱ ለሁሉም እኩል ነበር፤ እግርን አየር እንዲያገኘው ማድረግ የተፈቀደው ግን ለአንዱ ወገን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ለሁሉም ሁሉንም እንከልክልና እንገላገል» ትሉ ይሆናል። ይህ መፍትሔ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ግን እሱም በቂ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ደርባን አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ለሁሉም ተማሪዎች አንድ ዓይነት የጌጥ ደንብ ነበረው፤ በእያንዳንዱ ጆሮ አንድ ክብ ጌጥና የእጅ ሰዓት ይፈቀዳል፣ ሌላው ይከለከላል። አንዲት የታሚል ሂንዱ ቤተሰብ ልጅ በቤተሰቧ ወግ መሠረት የአፍንጫ ጌጥ አድርጋ በመጣች ጊዜ ደንቡን ጣሰች ተባለ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ባስተላለፈው ውሳኔ ትምህርት ቤቱ ለእሷ የተለየ ፈቃድ ባለመስጠቱ አድልዎ ፈጽሟል አለ። ደንቡ ሲጻፍ የጆሮ ጌጥን እንደ ተራ ነገር፣ የአፍንጫ ጌጥን እንደ ባዕድ ነገር የቆጠረው የአንድ ወገን ልማድ ነበር፤ ያንኑ ለሁሉም እኩል ማዳረስ ሚዛናዊ አላደረገውም። በእኔ እምነት በጾታ ላይ የምንፈጽመውም ስህተት መነሻው አንድ ነው፦ ለዓይናችን የለመድነውን ጨዋነት፣ ያልለመድነውን ብልግና ብለን እንጽፈዋለን።

በተቃራኒው ያለውንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት አንድ ወንድ ተማሪ ጆሮ ጌጥ እንዳያደርግ መከልከሉን ተቃውሞ ቢከስም ተረትቷል፤ ትምህርት ቤቱ በወቅቱ የወንዶች ጆሮ ጌጥ የወሮበላ ቡድኖች መለያ መሆኑን ለፍርድ ቤቱ አስረድቶ ነበር። በውሳኔው ባልስማማም ትምህርት ቤቱ ቢያንስ ምክንያቱን በአደባባይ ተናግሯል፤ ምክንያቱ የተነገረ ደንብ ሁኔታው ሲለወጥ ሊሻር ይችላል። እኔ ግን ያንን ልጅ በር ላይ ስመልሰው የምነግረው ምክንያት አልነበረኝም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 28 ንዑስ አንቀጽ 2 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የሕፃኑን ሰብዓዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ክብር የሚለው ቃል በኮሪደር፣ በማስመሪያና በመሳቢያ ውስጥ ባለ ፖስታ መካከል የሚፈተን ነው።

ስለዚህ ከዕረፍት በኋላ በየቡድናችሁ ስትቀመጡ፣ የትምህርት ቤታችሁን ደንብ አውጥታችሁ «ወንድ» እና «ሴት» የሚሉትን ቃላት በሙሉ በእርሳስ እንድታሰምሩባቸው እጠይቃለሁ። ባሰመራችሁበት ቦታ ሁሉ ጎኑ ላይ ምክንያቱን ጻፉ። ምክንያቱ አደጋ ከሆነ አደጋው የሚደርስበትን ቦታ፣ ማለትም ቤተ ሙከራውን፣ ወርክሾፑን ወይም ሜዳውን ጥቀሱና ጾታውን ሰርዙ። ሱሪና ቀሚስ ሁለቱም የደንብ ልብስ ከሆኑ፣ ምርጫውን ለልጁና ለወላጁ ተዉት። ልብስ አጠረ የምትሉም ከሆነ ነገሩን ለወላጅ በግል አሳውቁ፤ ልጅቷ ግን ክፍል ገብታ ትማር። ጎኑ ላይ የምትጽፉት ምክንያት ያጣችሁለት መስመር ካለ፣ በቡድናችሁ ያሉትን የተማሪ ተወካዮች ጠይቁ፤ እነሱ ከእኛ ቀድመው አስበውበታል።

የልጁን ጆሮ ጌጥ በዓመቱ መጨረሻ ለእናቱ መለስኩላቸው። ፖስታውን ስከፍተው ከሃያ በላይ ጌጦች ነበሩበት፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም በወረቀት ጽፌ ለጥፌ ነበር። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ የአንዲት ሴት ልጅ ስም እንኳ አልነበረባቸውም።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።