ሰፊው ሽንት ቤት የማን ነው?

(ምስል፦ ፒያሳ፣ ከሰዓት በኋላ። ካፌዎች፣ ሰው የሚርመሰመስበት የእግረኛ መንገድ።)

ፒያሳ ናችሁ። ማኪያቶ ጠጥታችኋል፣ በላዩ ውኃ ደርባችሁበታል። ቀጠሯችሁ አራት ኪሎ ነው። መንገድ ላይ ሽንታችሁ አጣደፋችሁ። እንደ ድሮው አጥር ሥር መቆም የለም። በኮሪደር ልማቱ ከተሠሩት የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች አንዱን ወይም የሆነ የገበያ ማዕከል አገኛችሁና ገባችሁ። ትንንሾቹ ክፍሎች በሙሉ ተይዘዋል። ጥግ ላይ ግን አንድ በር ገርበብ ብሏል። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በሩ ላይ የዊልቸር ሥዕል ተለጥፏል።

ትገባላችሁ ወይስ ትጠብቃላችሁ?

"በፍጹም አይቻልም" የሚል አለ። "ባዶ ከሆነ ምን ችግር አለው" የሚልም አለ። በእኔ በኩል ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ለምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ እንግባ።

(ምስል፦ ክፍሉ ከላይ ሲታይ። መቀመጫው፣ በጎኑ ክፍት ወለል፣ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት።)

ክፍሉ የሰፋው ለምቾት አይደለም። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ገብቶ መዞር አለበት። ለመዞር 1.5 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባዶ ወለል ይፈልጋል። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ልክ ይኸው ነው። የአሜሪካው ደንብ በሩ ሲከፈት ቢያንስ 81 ሳንቲ ሜትር ክፍተት እንዲኖረው፣ መደገፊያው ብረት ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፣ መቀመጫው ደግሞ ከ43 እስከ 48 እንዲሆን ያዛል። እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው የተቀመጡ አይደሉም። ሰውየው ዊልቸሩን ከመቀመጫው ጎን ያስጠጋል። ፍሬን ይይዛል። ብረቱን ጨብጦ ሰውነቱን በክንዱ ያነሣና ወደ ጎን ያሻግራል። መቀመጫው ከዊልቸሩ በጣም ዝቅ ካለ መውረዱ ይቀላል፣ መመለሱ ግን አበሳ ነው። ብረቱ ከተነቃነቀ ደግሞ መሬት ላይ ነው።

አሁን እዚሁ መሀል ከተማ ወዳለ አንድ ሕንፃ እንሂድ። ስሙ ይቆየን።

በሩ ላይ ሥዕሉ አለ። ብረቱም ተገጥሟል። ከመቀመጫው ጎን፣ ልክ ዊልቸሩ መቆም ያለበት ቦታ ላይ፣ ውኃ የሞላ ሰማያዊ በርሜል ተቀምጧል። ውኃው ላይ ጆግ ተንሳፏል። ከበርሜሉ ጀርባ መወልወያ፣ መጥረጊያ እና እግሩ የተሰበረ ወንበር ተደግፈዋል። መደገፊያው ብረት ላይ የወለል ጨርቅ ተሰጥቷል።

ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የግድ ነው። ለጽዳት ሠራተኛዋ የዕቃ ማስቀመጫ የሰጣት የለም። ባዶ ቦታ ያየችው እዚያ ብቻ ነው፣ እዚያው አስቀመጠችው። ችግሩ፣ ያ ባዶ ቦታ ትርፍ ቦታ አይደለም። ክፍሉን ክፍል ያደረገው እሱ ነው። በርሜል ከቆመበት የቀረው ሥዕል የተለጠፈበት መጋዘን ነው።

ስለ ሥዕሉ ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የሳለችው ሱዛን ኩፉድ የምትባል ዴንማርካዊት ተማሪ ናት። የመጀመሪያው ሥዕል ራስ አልነበረውም፣ ወንበሩ ብቻ ነበር። ሰው እንዲመስል ክቧን ራስ በኋላ ሌሎች ጨመሩበት።

(ምስል፦ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች። አንዲት አሮጊት፣ ልጅ የያዘ አባት፣ ክራንች የያዘች ወጣት፣ ምንም የማይታይባት ሴት።)

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ትንንሾቹ ክፍሎች ውስጥ ክፍት ካለ፣ ሰፊውን ተዉት። ይህ አያከራክርም። ሁሉም ከተያዘ፣ የሚያስፈልገው ሰው በአካባቢው ከሌለ፣ እናንተም ካጣደፋችሁ ግቡ። ግን ቶሎ ውጡ። ስልክ ማየት የለም፣ ኩል መኳል የለም። የሠርግ ሰሞን ቀሚስ ለመቀየር ሦስት ሆነው ገብተው የሚቆልፉ ሚዜዎችም አሉ፤ እነሱን ተዋቸው አልላችሁም፣ አንኳኩባቸው።

ያው የዊልቸር ሥዕል ያለበት መኪና ማቆሚያ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ መኪናውን አቁሞ የሄደ ሰው ለሰዓታት አይመለስም፣ ስለዚህ "ለአንድ አፍታ" የሚባል ነገር የለም። ሽንት ቤት ግን በደቂቃዎች ይለቀቃል።

ሰፊው ክፍል ራሱን የቻለ ከሆነ፣ ማለትም ከወንዱም ከሴቱም ተለይቶ ውጭ በኩል የራሱ በር ካለው፣ እዚያ አትግቡ። አንድ ብቻ ነው፣ ሴቱም ወንዱም የሚጠቀመው እሱን ነው። ባሏን የምትደግፍ ሚስት ወይም እናቱን የሚያግዝ ልጅ የወንዱም የሴቱም ክፍል ውስጥ አብረው መግባት አይችሉም። ያላቸው ያ በር ነው።

ሰልፍ ላይ የሚያጨቃጭቀው ደግሞ ይሄ ነው። ስድስት ሰው ተሰልፏል፣ አንድ ባለዊልቸር መጨረሻ ላይ ደረሰ። ቀጥሎ የተለቀቀው ሰፊው ክፍል ከሆነ የእሱ ነው። መጨረሻ ቢመጣም። "እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት" አያስኬድም። ለእናንተ አምስት በር አለላችሁ፣ ለእሱ አንድ። ሽማግሌ ሲገባ "ኖር" ብለን ከመቀመጫችን የምንነሣ ሰዎች ነን። ይህ ሊከብደን አይገባም።

ደግሞ ተራ መጠበቁ ለእናንተ ብስጭት ነው። ለእሱ ሕመም ሊሆን ይችላል።

(ምስል፦ የሰው ጀርባ ንድፍ። ሕብለ ሰረሰር፣ የሽንት ፊኛ።)

ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ፊኛው ሲሞላ አይሰማውም። ስለዚህ በሰዓት ይሄዳል። ብዙዎቹ በየአራት ወይም በየስድስት ሰዓቱ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ሽንታቸውን ያስወጣሉ። ሰዓቱ ካለፈ ሽንቱ ሊያመልጥ ይችላል። ጉዳቱ ከደረት መሀል ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ የሞላ ፊኛ የደም ግፊትን በድንገት አደገኛ ደረጃ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ራስ ምታቱ ከባድ ነው፣ ፊት ይቀላል፣ ያልባል። መፍትሔው ሽንቱን ማስወጣት ነው። በሩ ተቆልፎ ሰው ውስጥ ቲክቶክ እያየ ከሆነ ግን መፍትሔው ከበሩ ወዲያ ነው።

ሽንት ቤት እንደማያገኝ ስለሚያውቅ ከቤቱ ሲወጣ ውኃ የማይጠጣም አለ። ውኃ መቀነስ በበኩሉ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል።

የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ግን ዊልቸር ላይ አይደሉም። ጉልበታቸው የማይታጠፍ እማማ ቁጢጥ ማለት አይችሉም፣ ከመቀመጫም ያለ ብረት አይነሡም። አንጀቱ ታሞ ሆዱ ላይ ከረጢት የተገጠመለት ሰው ከረጢቱን ለማጽዳት ቦታና ውኃ ይፈልጋል። ከላይ ሲታይ ጤነኛ ነው፣ ሸሚዙ ሸፍኖታል። ስለዚህ አንዲት ወጣት ከሰፊው ክፍል በእግሯ ስትወጣ "ምን ሆነሽ ነው እዚህ የገባሽው?" ብላችሁ አትፋጠጡ። ልትነግራችሁ አትገደድም። በሌላ በኩል ዓይነ ስውር ሲመጣ እጁን ይዞ ወደ ሰፊው ክፍል የሚጎትት ደግ ሰውም አይጠፋም። ጠይቁት። ብዙዎቹ ግድግዳው በእጅ የሚደረስበትን ጠባቡን ክፍል ይመርጣሉ፤ ሰፊው ውስጥ ሶፍቱን ፍለጋ መዳበስ ነው።

(ምስል፦ መቀመጫው በቅርበት። ክዳኑ ላይ የጫማ አሻራ።)

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚቀመጡበት ሽንት ቤት ላይ ጫማውን እንዳደረገ ይወጣና ቁጢጥ ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ሌላ ሰው የተቀመጠበት ያስጠላል። ግን መቀመጫው ይቆሽሻል፣ ብዙ ጊዜም ይሰበራል። ሌላው ሰው ሳይነካው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ጉዳዩን ይጨርሳል። መቆም የማይችለው ሰው ግን ገላው አርፎበት መቀመጥ አለበት። ጭቃ ቢሆንም፣ ሽንት ቢሆንም፣ የተሰነጠቀ ቢሆንም። ስሜት የሌለው ገላ ስንጥቁ ሲቆርጠው እንኳ አያውቅም። ቁስሉን ማታ ቤቱ ነው የሚያየው፤ እንዲህ ያለ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም።

ወለሉም እንደዚያው ነው። በጆግ ውኃ ስትደፉ ወለሉ ይረጥባል። ክራንች ጫፉ ላይ ጎማ አለው፣ ጎማው እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል። ዊልቸሩም በዚያው እርጥብ ላይ ያልፋል። ሰውየው ጎማውን የሚገፋው በእጁ ነው። ካቴተሩን የሚይዘውም በዚያው እጁ ነው። እና ስትወጡ መቀመጫውን ጥረጉ፣ ወለሉ ላይ ያፈሰሳችሁትን በመወልወያው ሳብ አድርጉ። ለማንኛውም ክፍል የሚሠራ ነው፣ እዚህ ግን ጣጣው ይበዛል።

ከክፍሉ ስትወጡ ባለዊልቸር ሲጠብቅ ብታገኙት "ይቅርታ" ብላችሁ በሩን ይዛችሁ አሳልፉት። በቃ። ለምን እንደገባችሁ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ቸኩሏል። ሳትጠይቁ ዊልቸሩን አትግፉ፤ "ላግዝዎት?" በሉ፣ "አይ" ካሉ አይ ነው። "እግዜር ይማርህ" ማለትም ይቅርባችሁ። ሰውየው ሽንት ቤት ሊገባ ነው የመጣው። ሳንቲም የሚያወጣም አይቻለሁ፣ እንግዲህ ምን ይባላል።

(ምስል፦ የሕንፃ መግቢያ። በሩ ላይ የዊልቸር ሥዕል፣ ከሥሩ አንድ ደረጃ።)

እስካሁን የተናገርኩት ለተጠቃሚው ነበር። ዋናው ጣጣ ያለው ግን ሕንፃውን የሚያስተዳድሩት ጋ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ የሚመች እንዲሆን ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን ያጸደቀችውም በ2002 ዓ.ም. ነው። ሕግ አልጎደለም ማለት ነው። የጎደለው፣ ክፍሉ ተሠርቶ ሲያበቃ በሩ ሥር አንድ ደረጃ እንዳለ ያየ ሰው ነው።

የሕንፃ አስተዳዳሪ ከሆናችሁ ነገ ጠዋት አንድ ሜትር ይዛችሁ ውረዱ። በሩን ለኩ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ወደ ውጭ አስገልብጡት፤ ወደ ውስጥ ሲከፈት የዊልቸሩን ቦታ ይበላል፣ ሰው ቢወድቅም ከውጭ መክፈት አይቻልም። ብረቱን በሙሉ ክብደታችሁ ተንጠልጠሉበት፤ ከተነቃነቀ ግንበኛ ጥሩ። በርሜሉን ወደ ሌላው ጥግ፣ ከተቻለም ከክፍሉ ውጭ አውጡት። ለጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን የምታስቀምጥበት ቁም ሣጥን ስጧት፤ ይህ ካልተደረገ ዕቃው ነገም ተመልሶ እዚያው ነው።

ቁልፉንም አስቡበት። "ሌላው እንዳይገባበት" ብሎ መቆለፍ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ምሳ ወጥቷል፣ ስልኩ አይነሣም። መቆለፍ ካለበት ቁልፉ ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት ቦታ ይንጠልጠል፣ በሩ ላይም የት እንዳለ በትልቁ ይጻፍ። ጽሑፉ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ይሁን።