መመለሻው በየት ይሁን?

ወደ ካናዳዋ ደሴት ወደ ኒውፋውንድላንድ በመኪና የመሄዳችንን ነገር ዘግቼዋለሁ ብያችሁ ነበር አይደል? አልተዘጋም። የጉዟችን ዕቅድ አውጪ፣ እመቤት ኤክሴል የምላት፣ ሠንጠረዡን እንደገና ከፈተችው፣ እኔም አብሬ ተከፈትኩ።

ሁላችንም «ደሴት ነው፣ እንዞረዋለን» ብለን ነው የጀመርነው። አይዞርማ! ዋናው መንገድ፣ ቁጥር 1፣ ከደቡብ ምዕራቡ ጥግ ከፖርት ኦ ባስክ ይነሳና በመሃል ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ምሥራቅ ጫፍ ሴንት ጆንስ ይገባል። 905 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቀረው ሁሉ ቅርንጫፍ ነው፤ ትገባለህ፣ ባሕር ጋ ትደርሳለህ፣ በገባህበት ትወጣለህ። ስለዚህ በራሱ መኪና ለሚሄድ ሰው ዋናው ውሳኔ የትኛው ፏፏቴ፣ የትኛው ተራራ አይደለም። የመርከቡ ትኬት ነው።

ትኬቱ ላይ ደግሞ «መመለሻ ወደብ» የሚል አለ። እኔ እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። እስቲ አብረን እንየው።

ከጎረቤቱ ክፍለ ሀገር ከኖቫ ስኮሺያ፣ ከኖርዝ ሲድኒ ወደብ፣ ሁለት የመርከብ መስመር አለ። አንዱ ወደ ፖርት ኦ ባስክ፣ 7 ሰዓት አካባቢ የሚፈጅ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ። ሁለተኛው ወደ አርጀንሺያ፣ 16 ሰዓት ገደማ፣ በካናዳ በጋ ላይ ብቻ፣ እሱም በየቀኑ አይደለም፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ግን አርጀንሺያ ስትወርዱ ሴንት ጆንስ 130 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀራችሁ። በአንዱ ገብቶ በሌላው የወጣ ያንን 905 ሁለቴ አይነዳም። ዙር ማለት ካለብን ያለው ዙር ይሄ ነው፤ ግማሹ በባሕር።

እሺ፣ በየት እንግባ? በፖርት ኦ ባስክ እንበል። የማታውን መርከብ ያዛችሁ። ካቢን ካልያዛችሁ ወንበር ላይ ነው የምታድሩት። መርከቡ ከተነሳ በኋላ መኪናው ያለበት ወለል ይዘጋል፣ «ጋቢዬን ረሳሁት» ብሎ መውረድ የለም፤ መድኃኒት፣ ሹራብ፣ የልጅ ዕቃ ቀድሞ ከእናንተ ጋር ይውጣ። ጠዋት ያልተኛ ሹፌር ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ወደ ሰሜን መታጠፊያው፣ ዲር ሌክ ድረስ ወደ 270 ኪሎ ሜትር አለ፣ ገና እንደወጣችሁ ደግሞ ሬክሃውስ የሚባለው ቦታ አለ...

ኦ፣ ሬክሃውስ! ይቺን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ነፋሱ ከተራራው ወርዶ ባቡር ከሐዲድ ላይ የሚጥልበት ቦታ ነው። የምሬን ነው፣ ባቡር። ላኪ ማክዱጋል የሚባል የአካባቢው ሰው ነበር፤ የባቡር ድርጅቱ ደሞዝ ይከፍለው የነበረው ነፋሱን አይቶ «ዛሬ አታሳልፉ» እንዲል ነው። ባቡሩ በፈረንጅ 1988 ቀረ፣ ነፋሱ ግን አለ። አናቱ ላይ ትልቅ ሳጥን የጫነ መኪና ወይም ተጎታች ያለው ሰው የዕለቱን የነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳያይ ከወደቡ ባይወጣ ጥሩ ነው። በነገራችን ላይ ትኬት ስትቆርጡም የመኪናውን ርዝመትና ቁመት ይጠይቃሉ። ሳጥኑንም ከኋላ የታሰረውን ብስክሌትም ጨምራችሁ ለኩ። ዋጋውም የምትቆሙበት ቦታም በሱ ነው የሚወሰነው።

የት ነበርኩ? አዎ፣ መግቢያ። በአርጀንሺያ ከገባን ካቢን ይዘን፣ ተኝተን፣ ሰው ሆነን እንወርዳለን። በጣም ጥሩ! ግን የመጨረሻዋ ቀን መጣች። ደሴቱ ምዕራብ፣ ኮርነር ብሩክ ከተማ ናችሁ፤ መውጫችሁ ፖርት ኦ ባስክ ነው። መርከቡ ወደ እኩለ ሌሊት ይነሳል፣ ከመነሻው 2 ሰዓት ቀድማችሁ መድረስ አለባችሁ፣ እስከ ወደቡ መንገዱ 220 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው ምን ያስባል? «ትንሽ እንቆይ፣ እራት በልተን እንነሳ።» በነሐሴ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ስለዚህ መንገዱ መሃል ላይ ይመሽባችኋል፤ ሙስ የሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘር የሚወጣበት ሰዓት ማለት ነው።

ሙስን አጋዘን ብላችሁ አትናቁት። ደሴቱ ላይ ድሮ አልነበረም፣ በፈረንጅ 1904 አራት አመጡ፣ ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ነው። እግሩ ረጅም ስለሆነ መኪና ሲመታው እግሩን ነው የሚመታው፤ አካሉ በቀጥታ መስታወቱ ላይ፣ እናንተ ላይ ይመጣል። ዓይኑም ከመብራቱ በላይ ስለሚሆን እንደ ሌላ አውሬ አያብረቀርቅም። ጥቁር መንገድ ላይ የቆመ ጥቁር ነገር...

ይቺን ምሽት ነው በጭንቅላቴ የምመላልሰው። ከቀኑ በ10 ሰዓት ብንነሳ፣ በብርሃን እንደርሳለን፣ ወደቡ ላይ ሰዓታት እንቀመጣለን። ወይ እዚያው አድረን ቀን የሚነሳውን እንይዛለን፣ አንድ ቀን ተበላ። እመቤት ኤክሴል «አንድ ቀን የለንም» ትላለች። ቀኑ የለንም ወይስ ትዕግሥቱ? እኔ እንጃ።

ሌላ ደግሞ፣ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ነው። አብሮን የሚሄደው ጋሼ ይጾማል፤ ዓሣም አይነካም። እዚያ ያለው ደግሞ ኮድ የሚባለው ዓሣ ነው፣ ጠዋት ኮድ፣ ማታ ኮድ፤ የድንች ጥብሱም ብዙ ጊዜ ዓሣው በተጠበሰበት ዘይት ነው። ስለዚህ ማደሪያው ማብሰያ ያለው ይሁን፣ ሽሮና በርበሬ ከቶሮንቶ ይጫን። ድንች ከተረፈ ግን ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱት፤ ድንችና አፈር ከደሴቱ አይወጣም። በአፈር የሚተላለፍ የድንች በሽታና ትል ስላለ ወደቡ ላይ መኪና ይፈተሻል፣ ጭቃ ካለውም ይታጠባል። (ሳቅ) ጋሼ ድንቹን ታቅፎ ከተቆጣጣሪ ጋር ሲከራከር ይታያችሁ።

ሰዓቱንም አትርሱ፤ ኒውፋውንድላንድ ከኖቫ ስኮሺያ ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ትኬቱ ላይ ያለው የየወደቡ ሰዓት ነው። ስትሄዱ 7ቱ ሰዓት ሰባት ተኩል ይመስላል፣ ስትመለሱ ስድስት ተኩል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰሜኑን ነገር ምን ላድርገው? ግሮስ ሞርን ብሔራዊ ፓርክ ከዲር ሌክ ቅርብ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ላንስ ኦ ሜዶስ ግን ፓርኩ አካባቢ ካለችው ከሮኪ ሃርበር ሌላ ወደ 4 ሰዓት መንገድ ነው፣ መመለሻውን ሳይጨምር። ከሰሜን አውሮፓ በመርከብ የመጡት ቫይኪንጎች የሰፈሩበት፤ በብረት የቆረጡት እንጨት ተመርምሮ በ1021 እንደተቆረጠ ታውቋል፣ በፈረንጅ። ከላሊበላ ዘመን በፊት! ሣር የለበሱ ጉብታዎችን ለማየት ሁለት ቀን ነው ይላሉ። ልክ ናቸው... በአሥር ቀን ውስጥ ከሆነ እኔም ትቼው ምሥራቅ ያለውን ቦናቪስታን እይዝ ነበር፤ እዚያ ኤሊስተን ላይ ፓፊን የምትባለዋን የባሕር ወፍ መርከብ ሳትከፍሉ ከመሬት ነው የምታዩዋት። እላለሁ እንጂ፣ እዚያ ደርሶ 1021ን መተው...

እና ደግሞ ያንን ሁሉ ወደ ሰሜን ከወጣን ሴንት ባርብ መንገድ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ብላንክ ሳብሎን መርከቡ 2 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ብላንክ ሳብሎን ኬቤክ ነው፣ ላብራዶር ግን ወዲያው ነው የሚጀምረው፣ ሬድ ቤይ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አይ፣ ለእመቤት ኤክሴል እንዳትነግሯት። ግን ቀኑን ከሴንት ጆንስ በኩል አንድ ብንቀንስ... አርጀንሺያ ደግሞ በዚያ ቀን መርከብ መኖሩን...