«እኔ ጋ ይሠራል» አይበቃም

እንደምን አላችሁ። ስለ ሶፍትዌር ላይብረሪያችን ስምንተኛ ዓመት ተናገር ስትሉኝ በወረቀት ጽፌ መጣሁ፤ ልናገር የፈለግኩት አንድ ነገር እንዳያመልጠኝ ነው።

ታሪኩን አብራችሁኝ ኖራችሁታል። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የምትቀይር፣ በግዕዝ ፊደል የተሞላ ፋይል ከፍታ ስሞችን በፊደል ተራ የምትደረድር በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ስብስብ ናት። ሲን የመረጥነው የትም ስለሚሄድ ነበር። ከፓይተንም ከጃቫም ይጠራል፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ኮምፓይለር ያልተሠራለት ማሽን ማግኘት ይከብዳል። ግን ሲ የትም ይሄዳል ማለትና እኔና አንተ የጻፍነው ሲ የትም ይሄዳል ማለት ለየቅል ናቸው።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ከአዲስ አበባ ራቅ ካለች ከተማ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ክፍል የሚሠሩ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ፕሮግራሙ ፋይሉ የለም ይለኛል፤ እኔ ግን ይኸው እያየሁት ነው» አሉኝ። የፋይሉን ስም ጠየቅኳቸው። «ደመወዝ መስከረም» አሉ። እስቲ በእንግሊዝኛ ይሰይሙት አልኳቸው፤ ሰየሙት፤ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ልዘጋ ስል ዝም አሉና «የስንት ዓመት ፋይል ስሙን ልቀይር ነው? ደግሞስ ለምን እቀይራለሁ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ቅዳሜ በጠዋት ተሳፍሬ ሄድኩ። ማሽናቸው ዊንዶውስ 7 ነው፤ ኪቦርዱ አቧራ እንዳይገባው ፌስታል ለብሷል። ፎልደሩን ሲከፍቱት ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ወሩ ሁሉ በአማርኛ ተሰድሯል፣ አንድም ስህተት የለበትም። በኛ ላይብረሪ የሚሠራውን ፕሮግራም ሲከፍቱት ግን ያው ዝርዝር ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ገባኝ። በሊኑክስና በማክ ኤፍኦፕን፣ ፋይል የሚከፍተው የሲ ትእዛዝ፣ የሰጠኸውን የዩቲኤፍ-8 ባይት (ዩቲኤፍ-8 የዓለምን ፊደል ሁሉ በቁጥር የሚጽፍ ዘዴ ነው) እንዳለ ተቀብሎ ፋይሉን ይከፍታል። ዊንዶውስ ላይ ያው ኤፍኦፕን ባይቱን የሚያነበው በማሽኑ የድሮ ኮድ ፔጅ፣ ማለትም ባይትን ከፊደል በሚያዛምድ ሰንጠረዥ፣ ነው፤ እሳቸው ማሽን ላይ ባለው ኮድ ፔጅ ደግሞ ለግዕዝ የተተወ ቦታ የለም። የፋይሎቹን ዝርዝር በዚያው በጠባቡ መንገድ ስንጠይቅ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ከዚያ ያንኑ ስም ክፈት እንለዋለን። በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ክልክል ነው። የለም ይላል፤ እውነቱን ነው።

መፍትሔው አጭር ነበር። ስሙን ዊንዶውስ ራሱ ወደሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-16 ቀይሮ ሰፊውን ፊደል በሚቀበለው የዊንዶውስ ፈንክሽን መክፈት፣ ዝርዝሩንም እንዲሁ መጠየቅ። እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ጻፍኩት። «መስከረም» ሲከፈት ሻይ አዘዙልኝ።

ከዚያ ፓቹን፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያውን፣ ይዤ ወደናንተ መጣሁ። ምን አላችሁኝ? «ዊንዶውስ 7 እኮ ሞቷል፣ ተወው።» ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2020 ድጋፉን እንዳቆመ እኔም አውቃለሁ። ዊንዶውስ 10 ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ አንድ ፕሮግራም ዩቲኤፍ-8ን ራሱ እንዲመርጥ መፍቀዱንም አውቃለሁ። ግን ያ ማሽን አልሞተም! በየወሩ ደመወዝ ያወጣል! እኛ አዲስ ላፕቶፕ ታቅፈን ቡና ቤት ተቀምጠን፣ የማን ማሽን ይቅር፣ የማን ይኑር ብለን የምንፈርድ ማን ስለሆንን ነው? በግዕዝ ለሚጽፍ ሰው ብለን የጀመርነው ላይብረሪ በግዕዝ የተሰየመ ፋይል መክፈት አቅቶት ሳለ «እኔ ጋ ይሠራል» ማለት ለኔ ነውር ነው። ይህን ፊት ለፊት ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ደግሞ ችግሩ የዊንዶውስ ብቻ አይደለም። «ሀ» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ናት፤ 225፣ 136፣ 128። አንዳችን የመጀመሪያው ባይት 225 ነው ወይ ብሎ የሚፈትሽ መስመር ጻፈ። ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሠራ፤ እዚያ ሊኑክስ ላይ ቻር፣ አንድ ባይት የሚይዘው የሲ ዓይነት፣ አሉታዊ ቁጥር አይዝም። በላፕቶፑ ኢንቴል ላይ ግን ያው ባይት አሉታዊ 31 ሆኖ ይነበባል፤ ፍተሻው አንድም ቀን እውነት አይሆንም። ሁለት ሳምንት ፈለግነው። አንሳይንድ (አሉታዊ የሌለው) ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር የቀረው።

ሎንግ የሚባለው የሲ ቁጥር ዓይነትም እንዲሁ። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ነው፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4። ከፈረንጆቹ 1970 ጀምሮ የተቆጠረውን ሴኮንድ ሎንግ ውስጥ የምታስቀምጡ፣ ስሙኝ። 4 ባይቱ የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው። የጥምቀት ዕለት፣ ማለዳ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ፣ ሕዝቡ ጃንሜዳ ጸበል ሊረጭ ቆሞ ሳለ፣ ቁጥሩ ወደ አሉታዊ ይገለበጥና የኛ ላይብረሪ ዘመኑ 1894 ነው ይላል። ሁልጊዜ 8 ባይት የሆነውን ኢንት64 ብላችሁ ጻፉ። ከፈረንጆቹ 1999 የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ አለ።

ኢፍዴፍን፣ ለየሲስተሙ ኮድ የሚለየውን የሲ ትእዛዝ፣ በተመለከተ አላረዝምም። በየፈንክሽኑ አትበትኑት። ኤስኪውላይት የሚባለውን ዳታቤዝ እዩ፤ የዩኒክሱ ሥራ በአንድ ፋይል፣ የዊንዶውሱ በሌላ ፋይል፣ የቀረው ኮድ የትኛው ሲስተም ላይ እንዳለ አያውቅም። የኛም እንደዚያ ይሁን።

ከሰኞ ጀምሮ በሦስቱም ሲስተም ላይ ያላለፈ ፓች አልቀበልም፤ የኔንም ጨምሮ። ለሊኑክሱና ለማኩ ማሽን አለን። ቤቱ የተኛ፣ ዊንዶውስ 7 የሚነሳበት አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ካለ፣ ከአዳራሹ ሳይወጣ ያናግረኝ። መጥቼ እወስደዋለሁ።