12 ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ብቻ የሚያሳየው ፊልም

(ምስል፦ ጥቁርና ነጭ፣ የአምስተርዳም መንገድ)

እስቲ ይሄን ሰውዬ እዩት፣ እጁን ዘረጋ፣ ጠብታ ነካው መሰለኝ የኮቱን ኮሌታ ከፍ አርጎ እግሬ አውጪኝ አለ። በቃ የፊልሙ ትልቁ አክሽን ይሄ ነው።

ፊልሙ "ዝናብ" ይባላል፣ ዩሪስ ኢቨንስ የሚባል ሆላንዳዊ ከማኑስ ፍራንከን ጋር ሆኖ የሰራው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣ። 12 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ድምፅ የለው፣ ተዋናይ የለው፣ ደመና ይመጣል፣ ይዘንባል፣ ያባራል። ታዲያ ምኑ ይታያል?

ስታዩት አንድ ከሰዓት ላይ የጣለ አንድ ዝናብ ነው የሚመስለው፣ ግን አይደለም፣ ኢቨንስ ለወራት ነው የቀረፀው። ካሜራው ኪናሞ የምትባል በእጅ የምትያዝ ትንሽዬ ነገር ስለነበረች የትም ይዟት ይዞራል፣ ሲተኛ ራሱ አልጋው አጠገብ ነች፣ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥማ! ከዛ ያንን ሁሉ ቆራርጦ ሲገጣጥመው አንድ ዶፍ ሆነ። ካፊያው የአንድ ቀን ሆኖ ዶፉ የሌላ ወር ሊሆን ይችላል፣ ስፌቱ ግን አይታይም፣ እኔን የገረመኝ እሱ ነው።

(ምስል፦ የትራም መስኮት)

ይቺን ሾት ልብ በሉ። ትራም ውስጥ ነን፣ ጠብታው መስታወቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ውጪ ሰዉ ጃንጥላውን ይዞ ብዥ እያለ ያልፋል። የአሁን ፊልም ቢሆን ይሄኔ ፒያኖ ገብቶ እዘኑ ይለን ነበር፣ እዚህ ግን የሚያዛችሁ ስለሌለ አይናችሁ ራሱ መዞር ይጀምራል፣ አንዱ ጠብታውን ያያል፣ አንዱ ጃንጥላውን፣ እኔ ደሞ እርጥቡ መንገድ ላይ ተገልብጠው የሚታዩትን ሰዎች ሳይ ሌላው ያመልጠኛል። ድምፅ ሳይኖረው ደሞ ዝናቡ ይሰማችኋል፣ በተለይ ቆርቆሮ ጣራ ስር ላደገ ሰው ድምፁን ጭንቅላቱ ራሱ ይሞላዋል።

እንዲህ አይነት ፊልም ሁሉ አሪፍ ነው እያልኩ አይደለም፣ የሚያስተኛም ሞልቷል። ይሄኛው የማያስተኛው ዝናቡ ሊጥል ሲል ያለችውን ጥድፊያ ስለያዘ ነው፣ የተሰጣው ልብስ ይርገበገባል፣ ወፎቹ ይበራሉ፣ የሆነ ሰው መስኮት ይዘጋል።

ሙዚቃ የጨመሩበትም አሉ፣ ሃንስ አይስለር የሚባል የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1941 "ዝናብን የመግለጫ 14 መንገዶች" ብሎ የሰራለት አለ፣ ሙዚቃው ከባድ ነው፣ ግን መጀመሪያ ከሰማችሁት ዝናቡን በሱ ጆሮ ነው የምታዩት፣ ስለዚ ሙዚቃ ያለው ኮፒ ካጋጠማችሁ ለመጀመሪያ ግዜ ሚዩት አርጋችሁ እዩት።