ትንሿ ሽጉጥ ቀላል አይደለችም

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ፣ ሱቅ ዘግታችሁ፣ መኪና አቁማችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እህታችን እኔ ወደማስተምርበት የተኩስ መለማመጃ መጣች። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። ማታ የምትዘጋው ብቻዋን ነው። ባለቤቷ ስለሚሰጋ ሽጉጥ ገዝቶላታል። ሩገር ኤልሲፒ። «ለሴት ትንሿ ትሻላለች» ተብሎ ነው የተመረጠላት። ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ናት። ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ብቻ ትመዝናለች።

«እስኪ አቀባብያት» አልኳት። የላይኛውን ብረት በግራ እጇ ያዘችና ሳበች። የጣቶቿ ጫፍ ነጣ። ብረቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ እኔ አቀባበልኩላት። ከ5 ሜትር ላይ ስድስት ጥይት ተኮሰች። ወረቀቱን ያገኙት ሁለት ናቸው። ሽጉጧን አስቀምጣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መሃል ያለውን ቆዳ ታሽ ጀመር። ከዚያ ቀና ብላ «ይቺን ተማምኜ ነው ስድስት ወር ሱቅ የዘጋሁት?» አለችኝ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። ትንሽ ሽጉጥ ለመደበቅ ትቀላለች። ለመተኮስ ግን ከትልቁ ትከብዳለች።

ነገሩ ምስጢር የለውም። ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ከባድ ሽጉጥ እርግጫውን በራሱ ክብደት ይውጠዋል። ቀላሏ ሽጉጥ ግን ለእጃችሁ ታስተላልፈዋለች። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች። ማነጣጠሪያዎቹም ተቀራርበው ስለተሠሩ ትንሽ ስህተት ዒላማው ላይ ስትደርስ ትሰፋለች። የማቀባበያው ስፕሪንግም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። እህታችን ደካማ ሆና አይደለም። የተሰጣት ሽጉጥ ነው የማይሆናት።

ከአገር ቤት ስንመጣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ሽጉጥ ማካሮቭ ነው። በደርግ ጊዜ የመኮንንና የካድሬ ወገብ ላይ የምናየው። ባለ 8 ጎራሽ፣ 730 ግራም የሚመዝን ብረት። ዛሬ ከዚያ ቀለል ብሎ 15 ጎራሽ የሆነ ሽጉጥ አለ። ግሎክ 19 ነው። ኦስትሪያ የተሠራ፣ በ1988 የወጣ፣ 9 ሚሊ ሜትር። ከባዶ የጥይት ካርታው ጋር 680 ግራም ገደማ ነው። እጀታው ሙሉ መዳፍ ይሞላል። ለጀማሪ አንድ ሽጉጥ ምረጥ ብትሉኝ፣ እጁ ከቻለው፣ እሱን እሰጣለሁ። ችግሩ ውፍረቱ ነው። ቀጭን ሰው በሸሚዝ ሥር ሲይዘው ጎልቶ ይታያል። በበጋ ደግሞ ይብሳል።

ለዚህ ነው የ2018ቱ ሲግ ፒ365 ገበያውን የገለበጠው። ከዚያ በፊት በዚያ መጠን ያሉ ሽጉጦች ስድስት ወይም ሰባት ጥይት ነበር የሚይዙት። ለምሳሌ በ2015 የወጣው ግሎክ 43 ስድስት ነው። ሲጎች የጥይት ካርታውን ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ አድርገው ሠሩት። ጥይቶቹ በአንድ ረድፍ ብቻ ከመደርደር ይልቅ ትንሽ ተዛንፈው ተቀመጡ። ሽጉጡ ሳይወፍር 10 ያዘ። ክብደቱ 500 ግራም ገደማ ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። በ2019 ስፕሪንግፊልድ ሄልካትን አወጣ፣ 11 ጎራሽ። በዚያው ዓመት ግሎክ 43ኤክስ መጣ፣ 10 ጎራሽ ሆኖ እጀታው ረዘም ያለ። በ2021 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስን አስከተለ።

ከእነዚህ ውስጥ እኔ ሺልድ ፕላስንና 43ኤክስን አስቀድማለሁ። ሦስቱም ጣቶች እጀታው ላይ ቦታ ያገኛሉ። ፒ365 ግሩም ሽጉጥ ነው፣ ግን በአጭሩ እጀታው የሚቸገር ተማሪ ብዙ አይቻለሁ። ሺልድ ፕላስን ሴፍቲ፣ ማለትም ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚቆልፍ ማንሻ፣ ያለውንም የሌለውንም ማግኘት ይቻላል። ሴፍቲ ያለውን የምትገዙ ከሆነ ሴፍቲውን ማውረድ ሺህ ጊዜ ተለማመዱ። የደነገጠ ሰው ያልለመደውን ነገር አያስታውስም።

እጁ ለደከመ ደግሞ፣ በተለይ ሪህ ላለባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ያው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ የሚባል አለው። ለማቀባበል ሆን ተብሎ የቀለለ ነው። በ9 ሚሊ ሜትር በ2020 ወጣ፣ 8 ጎራሽ። ያቺን እህታችንን የሞከርኳት በዚህ ነው። በሁለት ጣትና በመዳፏ ሳበችው፣ ተቀባበለ። ከስምንቱ ሰባቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ያን ቀን ፊቷን ብታዩት!

ስለ ሪቮልቨር፣ ጥይቱን በሚሽከረከር ጎራሽ ስለሚይዘው ሽጉጥ፣ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ባለ 5 ጎራሽ ትንሽ ሪቮልቨር ማቀባበል የለውም፣ ይህ እውነት ነው። ቃታው ግን ረጅምና ከባድ ነው፣ ቀላሉ ሞዴል ደግሞ ክፉኛ ይራገጣል። ሳይሞክሩ መግዛት አይበጅም።

አንድ ነገር ደግሞ ላሳያችሁ። ተማሪዬ ሳያይ ከጥይቶቹ መሃል ባሩድ የሌለው የውሸት ጥይት እከታለሁ። ይተኩሳል፣ ይተኩሳል፣ ከዚያ ቀጭ ብቻ። እሳትም ድምፅም የለም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ይወርዳል! ሰውየው ያልመጣውን እርግጫ ፈርቶ እጁን ደፍቷል። በትንንሾቹ ሽጉጦች ላይ ይህ የባሰ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ተከራይታችሁ ተኩሱ። ብዙ መለማመጃዎች ያከራያሉ። ጥይቱ ያስወጣችኋል፣ ቢሆንም የማይሆናችሁን ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ከመርሳት ይረክሳል።

አፎት ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ያስፈልጋል። ሽጉጥ ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከሊፕስቲክ ጋር አይጣልም። ያቺ እህታችን እንደዚያ ነበር የያዘችው። ሳየው ላብ አሰመጠኝ።

አሁን ወደ ሕጉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሸሽጎ ለመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው የምትኖሩበት አካባቢ ሰርኪውት ፍርድ ቤት ነው። 21 ዓመት መሙላትና ሥልጠና መውሰድ ያስፈልጋል። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል። ግን ስሙኝ። ይህ ፈቃድ የፖቶማክ ወንዝን ድልድይ ሲሻገር ዋጋ የለውም። ሜሪላንድም ዲሲም አይቀበሉትም። እኛ ደግሞ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ዘመድ የምንጠይቀው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለቅሶ ለመድረስ እየሮጠ፣ ወገቡን ረስቶ ድልድይ የሚሻገር ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት የግሪን ካርድ ባለቤት ደግሞ ከአገር ሊባረር ይችላል። የሃያ ዓመት ልፋት በአንድ ምሽት ማለት ነው።

ሾፌሮች፣ ኡበርም ሊፍትም ሥራ ላይ እያላችሁ መሣሪያ መያዝን ይከለክላሉ። የስቴቱ ፈቃድ ቢኖራችሁም። ሬስቶራንት ውስጥ ሽጉጥ ሸሽጎ የያዘ ሰው ደግሞ በቨርጂኒያ ሕግ አልኮል መጠጣት አይችልም። አንዲት ቢራም ብትሆን።

ስለ ጫትም በግልጽ እናውራ። ስትገዙ የምትሞሉት ፎርም 4473 የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ መሆናችሁን ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ ነው። አገር ቤት የቅዳሜ ጨዋታ ነው፣ እዚህ ግን እንደዚያ አይታይም። ፎርሙ ላይ ውሸት መጻፍ ደግሞ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው። የሚቅም ሰው ሽጉጥ አይግዛ።

የመጨረሻው የቤታችን ነገር ነው። በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። እኛ ቤት ጭንቀት የለም አንበል። ልጆቻችን ብዙ ነገር በሆዳቸው ይይዛሉ፣ አባቶችም እንደዚያው። ወገባችሁ ላይ ያልሆነ ሽጉጥ በቁልፍ ካዝና ውስጥ ይደር። ከፍራሽ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ፣ ከጋቢ ውስጥ አይደለም። ልጆች ቤቱን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ቤት ውስጥ ሰው ከከፋው ደግሞ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤት እንዴት እንደሚወጣ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ለመጠየቅ የሚያፍር ካለ ለብቻው ያናግረኝ።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አራት ሽጉጦች አሉ። ግሎክ 19፣ 43ኤክስ፣ ሺልድ ኢዚ እና ኤልሲፒ። ካርታቸው ወጥቷል፣ ጥይት እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም፣ ባዶ መሆናቸውን ሁለት ሰው አይቷል። እናንተም ስታነሱ ራሳችሁ ታያላችሁ። አፈሙዝ ወደ ግድግዳው፣ ጣት ከቃታ ውጪ። ተሰለፉና አንድ በአንድ አቀባብሉ። ትልልቆቹ እናቶች ይቅደሙ፣ ወንበሩን አምጡላቸው።