እጅ የለመደውን ማስረሳት፦ የፈረስ ሰኮና አስተካካይ ሊተዋቸው የሚገቡ ልማዶች

(ምስል፦ ደልዳላ መሬት ላይ የቆመ የፊት እግር ሰኮና፣ ከጎን)

ሰኮና ማስተካከል እጅ የሚለምደው ሥራ በመሆኑ ስሕተቱም አብሮ ይለመዳል። ለዓመታት የሠራ ሰው ለመታረም ከጀማሪው ይበልጥ የሚቸገረው፣ እጁ ጉጠቱን የት እንደሚያሳርፍ ሳያስብ ስለሚያውቅ ነው።

በዚህ ሰኮና ላይ የፊቱ ጫፍ ረዝሟል፤ ተረከዙም ዝቅ ብሎ ወደፊት ተጋድሟል። እግሩ ተነሥቶ ሲታይ ተረከዙ ለመቁረጥ ስለሚመች አስተካካዩ ሁልጊዜ ከዚያ ይቀንሳል፤ ጫፉን ግን እንዳይደማ ፈርቶ ይተወዋል። ፈረሱ ሲራመድ መሬቱን በመጨረሻ የሚለቀው ይኸው ጫፍ ስለሆነ፣ በረዘመ ቁጥር ከእግሩ ጀርባ የሚወርደውን ጥልቅ ጅማትና ጅማቱ የሚያልፍበትን ትንሽ አጥንት ያስጨንቃል።

(ምስል፦ በሰኮናው ፊት ላይ የተደገፈ ማስመሪያ)

ስለዚህ መሣሪያ ከመያዝ በፊት ማስመሪያውን ከፀጉሩ ሥር እስከ መሬት ማስደገፍ ይበጃል። በመሀል ክፍተት ከታየ ጫፉ ወደፊት ተለጥጧል ማለት ነው። የሚቀነሰውን በጠመኔ ምልክት አድርጎ ከተረከዙ ሳይሆን ከጫፉ መጀመር፣ እጅ የለመደውን ቅደም ተከተል ያፈርስበታል።

በእኔ ግምት ለመተው እጅግ የሚያስቸግረው ግን የቢላዋው ልማድ ነው፤ ተልጎ የነጣ የሰኮና ወለል የባለቤቱን ዓይን ያስደስታልና። ያ ወለል ውስጠኛውን አጥንት ከድንጋይ የሚጠብቅ ጋሻ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከረገበ ከሚገባው በላይ ሳስቷል፤ ቢላዋው መቆም የነበረበት ቀደም ብሎ ነው። እየተፈረፈረ የሚለቀውን የሞተ ክፍል ብቻ ማንሣት ይበቃል። መሀል ላይ ካለው ባለሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍልም የሚቆረጠው የተንጠለጠለውና ቆሻሻ የሚደብቀው ብቻ ነው።

ሞረድ ሲገፋ የእጅ ክብደት ወደ አንድ ጎን ማድላቱም አይቀርም፤ እግሩን አንሥቶ ከተረከዙ በኩል ወደ ጫፉ አሻግሮ ማየት የትኛው ጎን ዝቅ እንዳለ ያሳያል።

ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከፀጉሩ ሥር የወጣው ግድግዳ ጫፉ ላይ መሬት እስኪደርስ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። የተበላሸውን በአንድ ቀን ለማቃናት መሞከር ፈረሱን ያሳምመዋል፤ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነስ ይሻላል።

(ምስል፦ ያው ሰኮና ከሁለት ወር በኋላ)

ታችኛው ክፍል እንደ በፊቱ የተለጠጠ ይመስላል፤ ከፀጉሩ ሥር ግን አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር የምታህል፣ ቀጥ ብላ የምትወርድ አዲስ እድገት ትታያለች።